ቦርዱ ነው

«ጋሼ፣ ቦርዱ ነው» አለኝ ቴፕ ሠሪው ልጅ፣ ክዳኑን መልሶ እየገጠመ። «እና?» አልኩት። «ቦርድ ከሄደ ምን ተስፋ አለው! አዲስ ይግዙ እንጂ።» ሐኪም «ጉበቱ ነው» ሲል እንደምንሰማው ነው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም።

ቴፑን ታቅፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ወንድሜ ከአሜሪካ በካሴት ደብዳቤ ይልክልን በነበረበት ዘመን ቤተሰቡ ሁሉ ከብቦ የሚሰማው በዚህ ቴፕ ነበር። ወንድሜ ዛሬ የለም። ካሴቱን በሌላ ቴፕ ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁ ያው ነው። ግን እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ «እስቲ ዝም በሉ!» ትል የነበረው በዚህኛው ነው።

ለመሆኑ ይሄ ሞት የሚያስፈርድ «ቦርድ» ከየት መጣ? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የድሮውን የአምፖል ራዲዮ ሆድ ያየ ሰው ያስታውሳል። ሽቦው እንደ ተዘበራረቀ ድር ነው፤ እያንዳንዱ በእጅ የተበየደ። ይህን ድር ያስቀረው ፖል አይዝለር የሚባል በ1907 ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነው። በአገሩ አይሁዳዊ መሆን ሥራ ሲያሳጣው በ1936 ለንደን ገባ። እዚያ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ሽቦውን በመዳብ መስመር የተካ ራዲዮ ሠራ። በቤት ውስጥ ማለቴ ነው፤ ፋብሪካ አልነበረውም።

ሐሳቡን ያገኘው ከማተሚያ ቤት ነው። የእኛ የድሮ ጋዜጣ ሰዎች «ክሊሼ» የሚሉትን ታውቃላችሁ፤ ሥዕሉ በብረት ላይ ይሰፍርና የቀረውን አሲድ ይበላዋል። አይዝለርም ስስ መዳብ በሰሌዳ ላይ ለጠፈ፤ መንገዶቹን አሲድ በማይደፍረው ቀለም አተመ፤ ያልታተመውን አሲድ በላው። ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ «የታተመ ሰርኪዩት» የሚሉት ለዚህ ነው። ቦርድ የታተመ ገጽ ነው!

ታዲያ ማን ይስማው? እሱ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ሽቦ የሚበይዱልን ሴቶች ርካሽ ናቸው ብሎ መለሰው። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ እንደ ጠላት አገር ሰው ታሰረ። ፓተንቱን ያስገባው በ1943 ነው። ዕውቀቱን ያስፋፋው ግን ጦር ነው። አሜሪካኖች ለመድፍ ጥይት መቀስቀሻ የታተመ ሰርኪዩት ተጠቅመው፣ በ1948 ለንግድ ፈቀዱት። ከዚያ በኋላማ ቦርድ የሌለው ምን አለ?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «መጀመሪያ አንብቡ፣ ትርጓሜው ይደርሳል» እል ነበር። የታተመ ከሆነ ይነበባላ! ገመዱን ነቅዬ ቆየት አልኩ፤ ካፓሲተር የሚባሉት ጣሳ መሳዮች መብራት ከተነቀለ በኋላም ያጠራቀሙትን ይይዛሉና። ክዳኑን ፈታሁ። የተቃጠለ፣ ያበጠ ፈለግሁ፤ የለም። ፊውዙን በቴስተር ለካሁ፤ ደህና ነው። ቦርዱን ገልብጬ በአጉሊ መነጽር መስመር በመስመር ተከተልኩ። ከስፒከሩ መሰኪያ እግሮች በአንዱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀለበት አየሁ። ብየዳው ተሰንጥቋል። «ቦርዱ ነው» የተባለው ይቺ ናት።

ልጁን አልፈርድበትም። የዛሬ ስልክ ቦርድ ብዙ ንብርብር ነው፤ በላዩ ያሉት አንዳንዶቹ ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ድሮ ከራዲዮ ክዳን በስተጀርባ ይለጠፍ የነበረው ንድፍም ቀርቷል። አውሮፓውያን እንኳ ስለ ጥገና መብት መመሪያ ያወጡት በ2024 ነው። ያለ ንድፍ የተሰጠውን ቦርድ ልጁ በምን ያንብበው?

የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል፣ 63 በ37 ሲሆን፣ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። እኔ ግን መበየጃውን አቆየሁበትና መዳቡ ከሰሌዳው ተላቆ ተነሳ። ክው አልኩ። ኋላ ቀጭን ሽቦ ቆርጬ ከእግሩ እስከሚቀጥለው ነጥብ በየድኩ። አይዝለር ያስቀረው ሽቦ እኔ ቤት ተመልሶ መጣ።

ማታ ካሴቱን ከተትኩ። ትንሽ ከተንሿሿ በኋላ ወንድሜ፣ እንደ ልማዱ፣ ከእኛ በፊት የጎረቤቶቹን ስም እየጠራ ሰላምታውን ጀመረ።