ከአቦ የተሳፈረ ለገሃር ይወርዳል

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ነገሩ የተነሣው ሳሪስ አቦ ቡና ስንጠጣ አንድ ጎረምሳ ከጣለው ቃል ነው። «ጋሼ፣ እኛ ሰፈር እኮ ከመኪና ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር የለም» አለ። ለካ ልጁ ሙዚቃ ማለት ስልኩ ውስጥ ያለ፣ ቴአትር ማለት ደግሞ የሌላ ሰፈር ሰው የሚያየው ነገር መስሎታል። «ተቀመጥ» አልኩት። ለእሱ ያልኩትን እነሆ ለእናንተም ልድገመው፤ እሱ ተሰላችቶ ያስተወኝንም ጨምሬ።

በመጀመሪያ ከደጃፋችን እንነሣ። ሊነጋጋ ሲል፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያዜም ሰው ሰምታችሁ አታውቁም? አንዳንዴ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ያወጣል፣ እሷ ትቀበላለች። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጣርተው ዜማው ውስጥ ያስገቡታል፤ ያኔ ሰውየው ቢተኛም አይተኛም። ላሊበሎች ናቸው። ዜማውን ከተውን የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ስለሚፈሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሥራ ነው ይባላል። ምጽዋት ሲሰጧቸው ይመርቃሉ፣ ሲነጋም የሉም። የውጭ አገር የሙዚቃ አጥኚዎች ይህን ዜማ ለመቅዳት ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። እኛ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ጆሯችን እንስባለን።

ነሐሴ 12 ማታ ደግሞ የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ለሆያ ሆዬ ይመጣሉ። የአንዱ ቡድን አውጪ ድምፁ የሰላ፣ የሌላው ጎርናና ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ ሁልጊዜ ለጎርናናው አደላለሁ። ለዘመን መለወጫ ሴቶቹ አበባዮሽ ይዘው ይመጣሉ። የአቦ ነገር ደግሞ የራሱ ምሥጢር አለው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት መጋቢት 5 ነው፤ ቀኑ ግን ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ከበሮ አይመታም። ከበሮው የሚደምቀው ጥቅምት 5 ነው። ማኅሌቱ አምልኮ ነውና ከመዝናኛ ተራ አላስገባውም። ጆሮ ያለው ግን ሌሊቱን ቆሞ ይስማ፤ ይህ አገር ዜማውን ከየት እንዳመጣው ይገባዋል።

«እሱማ ዓመት በዓል ነው» አለኝ ልጁ። «እኔ የምልዎት ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ነው።»

እሺ። እንግዲህ ተነሥ፣ ባቡር እንያዝ።

ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ የተከፈተው ይኸው የእኛው መስመር ነበር። ያኔ ሠራተኛው ሥራው በሰዓቱ ሊደርስ ነው፣ ነጋዴው ሊቀለው ነው ተባለ። ቴአትር ተመልካችን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው የለም። ከአቦ የተሳፈረ ሰው ሳሪስን፣ አደይ አበባን፣ ንፋስ ስልክን፣ ላንቻን፣ ጠመንጃ ያዥን፣ ሪቼን፣ መሿለኪያን፣ ስታዲየምን አልፎ ለገሃር ይወርዳል። ግፊያ አለ፣ ቆማችሁ ትሄዱ ይሆናል፤ ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ ያዙ።

ከለገሃር ሽቅብ ጥቂት እንደተራመዳችሁ የድንጋዩ አንበሳ ይቀበላችኋል። እዚያው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሕንፃውን የጀመረው ጣሊያን ነው፤ ማርኮኒ የሚባል ሲኒማ ሊያደርገው። ሳይጨርሰው ተባረረ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። የመክፈቻው ቴአትር «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፤ ደራሲው በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መኮንን እንዳልካቸው። እስቲ አስቡት! ለአንድ ንጉሥ የክብር በዓል፣ የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባልየውን ጦር ግንባር ላይ ያስገደለ ንጉሥ ታሪክ ይቀርባል። ታሪኩ የመጽሐፍ ቅዱስ ነውና ማን ምን ይላል? የእኛ መድረክ ከጥንቱም እንዲህ ነው። የሚናገረውን የሚናገረው ሌላ ነገር የሚናገር መስሎ ነው።

አሁን አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ ብዙ ሰው በሩ ላይ ደርሶ የሚመለሰው ይህን ባለማወቁ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ቴአትር በየቀኑ አይታይም። በሳምንት አንድ ቀን ይሰጠዋል፤ ያ ቀን የእሱ ነው። እሑድ የሚታየውን ብላችሁ ረቡዕ ብትሄዱ የምታገኙት ሌላ ተዋናይ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ተመልካች እስካላጣ ድረስ ቀኑን ይዞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይዘልቃል። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በዚሁ በብሔራዊ ከአሥር ዓመት በላይ ታይቷል። ትዳር ሲታመስ የሚያሳይ ኮሜዲ ነው። በእጮኝነት ዘመናቸው ያዩት ሰዎች ልጅ ወልደው ተመልሰው አይተውታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲስቁ ግን የሚስቁበት ቦታ ይለያል።

ኮሜዲ ብቻ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የሚሄድ ሰው ኮሜዲ ይምረጥ። ቤት ሙሉ ሰው አብሮ ሲስቅ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ወደ ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ» ዓይነት ከባድ ሥራ የገባ ሰው ሰዓቱን ሲያይ ያመሻል። ቀድሞ የሳቀ ሰው ግን በኋላ ማልቀሱንም ይችልበታል። ደግሞ መሐል ላይ ተቀመጡ፤ ከፊት ያለው ላብ ያያል፣ ከኋላ ያለው የጎረቤቱን ስልክ ይሰማል።

ከብሔራዊ ጥቂት እልፍ ብሎ ራስ ሆቴል አለ። «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» ስሙን ያተረፈው በዚያ አዳራሽ ነው፤ በወር አንዴ ረቡዕ ማታ ገጣሚው ያነብ ነበር፣ ባንዱ ከሥሩ ይጫወት ነበር። ግጥም ይሰለቻል የሚል ሰው ካለ ያኔ ወጣቱ ወንበር አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲያዳምጥ ባየ።

ፒያሳ ለመድረስ ለሚችል ደግሞ ሀገር ፍቅር አለ። በሐምሌ 1927፣ ጣሊያን ሊመጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ። ሥራው ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለጦርነት ማዘጋጀት ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ገና ልጅ ሳለ መድረክ የወጣው እዚያ ነው፤ በኋላ ነው ክብር ዘበኛ የወሰደው። ከዚያም በፊት፣ ከመቶ ዓመት በፊት ማለት ነው፣ ከሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን እያናገሩ መኳንንቱን የሚሸነቁጥ ኮሜዲያ ጽፈው አሳዩ። መኳንንቱም ነገሩ ገባቸው። ንግሥት ዘውዲቱም ከለከሉት። የመጀመሪያው ቴአትራችን በዚያው ታገደ ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት መድረክ መኖሩ ራሱ ይገርመኛል።

ልጁ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ሌሊትስ ጋሼ? ሙዚቃስ?»

የሌሊቱ ታሪክ ሐዘን ይበዛዋል። ኅዳር 1966 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ነው አገሩን ያሳየው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ሌሊቱም ዝም አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤት የተሞላው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ መሐላችሁ ይቆማል፤ እናንተ «ተቀበል» ትላላችሁ፣ ስንኝ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ አስውቦ ይመልሰዋል፤ እግረ መንገዱንም እናንተኑ ይወጋችኋል። ያን ጊዜ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋላችሁ። መላኩ በላይ በዚያው በካዛንቺስ፣ ፈንድቃ በሚባለው አዝማሪ ቤት ለሽልማት ሲጨፍር የኖረ ልጅ ነው፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘውና ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ፈረሰ። ሥራው ግን አልቆመም፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሃያት ሬጀንሲ ቀጠለ። ምሥጋና ለሚያስጠጋ ሁሉ! እኔ ግን ጭሱንና በርጩማውን የለመድኩ ሰው ነኝ፤ የሆቴል ምንጣፍ ላይ እስክስታ ሲወርድ ገና አልለመድኩትም።

ፒያሳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባም፣ እንዲሁ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። «ሳምንት እሄዳለሁ» ሲል የነበረ ሰው ሳምንቱ ሲደርስ አመድ አገኘ።

ለዚህ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኋችሁ። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል፣ ካሴቱም ይገኛል። መድረክ ግን አይጠብቅም። ይታገዳል፣ ይቃጠላል፣ ይፈርሳል፣ ተዋናዩ ይሞታል፤ ፍቃዱ ተክለማርያምን ሐምሌ 2010 ቀብረናል። ድምፁን በሬዲዮ የሰማ ብዙ ነው፤ መድረክ ላይ ቆሞ ያየው ግን ያየው ብቻ ነው።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ የማዘጋጃ ቤቱ የቴአትርና ባህል አዳራሽ፣ ራስ ቴአትር፤ ሁሉም ከለገሃር ወዲያ ናቸው። ከለገሃር ወዲህ እስከ አቃቂ ያለነው የፋብሪካና የመኪና መንገድ ሰዎች ባቡር ቆመን እየሄድን ነው የምናያቸው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ግማሹ መፈክር ነበር፣ አልክድም፤ ነገር ግን ክራርና ከበሮ ነበር፣ አዳራሽ ነበር፣ ማታ ማታ የሚለማመዱ ልጆች ነበሩ። መፈክሩን ትተን ልምምዱን ብንመልሰው ማን ይጎዳል? የስብሰባ አዳራሽ ቁልፍ የያዛችሁ የክፍለ ከተማ ሰዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈሩ ልጆች ክፈቱላቸው። አምፖልና ወንበር ይበቃቸዋል።

እናንተ ደግሞ ይህን የምታነቡ፣ በዚህ ሳምንት አንዱን ምረጡ። የምሽት ጃዝ ብትሉ መመለሻውን አስቀድማችሁ አስቡ፤ ከመሸ ወደ ሳሪስ ታክሲ መጋፋት አለና። ለጀማሪ የምመክረው የእሑድ ከሰዓቱን ቴአትር ነው፤ በጊዜ ያልቃል። የብሔራዊን በር ማስታወቂያ አይታችሁ የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚታይ አረጋግጡ፣ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ አንድ ቴአትር አይቶ የማያውቅ ሰው ከሰፈር ይዛችሁ ሂዱ።