ተቀናሽ ወይስ ደፍ?
ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አክስቴ ባለፈው ደውላ «ኢንሹራንሱ 1,500 ዶላር ተቀናሽ አለው ተብዬ፣ ሐኪም ቤቱ የ1,200 ዶላሩን ሒሳብ እንዳለ ላከብኝ!» አለችኝ። አዘንኩላት። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን «ዲዳክቲብል»ን እንዲያ የተረጎመው ወረቀት ነው። የላቲኑ ሥር «ወደ ታች መሳብ» ነው፤ ከዚያ «መቀነስ» መጣ። ግን የሚቀነሰው ከማን ነው? ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው እንጂ ከታካሚው ዕዳ አይደለም። እኛ «ተቀናሽ» ስንባል የሚታየን ከደመወዝ የሚቆረጠው ወይም ገበያ ላይ የሚደረግልን ቅናሽ ነው።

ሕክምናው 4,000 ዶላር ቢሆን፣ የመጀመሪያውን 1,500 አክስቴ ትችላለች። ውሉ ከቀሪው 20 በመቶ ከጠየቃት 500 ትጨምራለች፤ 2,000ው የኢንሹራንሱ ነው። ወርሃዊው መዋጮ በ1,500ው ውስጥ አይቆጠርም፤ የውሉ ዓመት ሲታደስም ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። (ክትባትና መሰል የመከላከያ አገልግሎት ግን በአብዛኞቹ ውሎች የ1,500ው መሙላት ሳይጠበቅ በነፃ ይሰጣል፤ ይህን ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙ ናቸው።)

እኔ ዲዳክቲብልን «የወጪ ደፍ» ብንለው እመርጣለሁ። ደፍ ሳይሻገሩ ቤት አይገባም። «የራስ መነሻ ወጪ» ለቅጽ ይሆናል፤ ለስልክ ወሬ ግን ይረዝማል። አክስቴ ትናንት «ደፉን ለማለፍ 300 ቀረኝ» አለችኝ።