ቫይታሚን ኤ በሰውነት ውስጥ የሚከማችበት ሥርዓትና የሕፃናት የጠብታ አገልግሎት

ቫይታሚን ኤ በቅባት የሚሟሟ ንጥረ ነገር ሲሆን ለዓይን ጤንነት፣ ለሕፃናት ዕድገትና ለበሽታ መከላከል አቅም አስፈላጊ ነው። በውኃ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ ከመጠን ሲያልፍ በአብዛኛው በሽንት ይወገዳል፤ ቫይታሚን ኤ ግን በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። የሕፃናት ጠብታ በየስድስት ወሩ ብቻ የሚሰጠውም ሆነ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ሊደገም የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

የክምችቱ ሂደት

ከምግብ የተገኘው ቫይታሚን ኤ ከቅባት ጋር በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛው በጉበት ይቀመጣል። ሌሎች የአካል ክፍሎች ሲፈልጉት ጉበት ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ በመጠን ወደ ደም ይለቀዋል። በመሆኑም የምግብ እጥረት ባለባቸው ወራት እንኳ በደም ውስጥ ያለው መጠን ለተወሰነ ጊዜ ሳይዋዥቅ ይቆያል። ክምችቱ ሲሟጠጥ ግን ዳፍንት ይከሰታል፤ እጥረቱ ከበረታም ለዘለቄታው ዓይነ ስውርነት ሊዳርግ ይችላል። ኩፍኝና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ክምችቱን ያመናምናሉ።

የአገልግሎቱ አሰጣጥ

• ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 ወር ለሆኑ ሕፃናት፦ 100,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ አንድ ጊዜ
• ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 59 ወር ለሆኑ ሕፃናት፦ 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ በየስድስት ወሩ

አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ወላጆች ወይም አሳዳጊዎች የሕፃኑን የክትባት ካርድ ይዘው መቅረብና ጠብታው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠበትን ቀን ለባለሙያው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል።

መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ጉበት ከሚችለው በላይ የሆነ መጠን ራስ ምታትና ትውከት፣ በጨቅላ ሕፃናት ላይም የእርግብግቢት ማበጥ ያስከትላል። ከፍተኛ መጠን በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ ፅንሱን ለአፈጣጠር ጉድለት ሊዳርግ ስለሚችል፣ ለሕፃናት የተዘጋጀው ጠብታ ለነፍሰ ጡር እናቶች ሊሰጥ አይገባም።

ከዕለት ምግብ የሚገኝ ቫይታሚን ኤ

እንቁላልና ወተት የቫይታሚን ኤ ምንጮች ናቸው። በጎመን፣ በካሮት፣ በዱባ፣ በማንጎና በፓፓያ ያለውን ንጥረ ነገር ደግሞ ሰውነት እንደ ፍላጎቱ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለሚለውጠው የመመረዝ ስጋት የለውም። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ በጾም በጥቂት ዘይት፣ በፍስክ በቅቤ ተሠርተው ሲቀርቡ ንጥረ ነገሩ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል።

በሕፃናት ወይም በእናቶች ላይ ሲመሽ የማየት ችግር ከታየ ሳይዘገይ ወደ አቅራቢያው ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።