የብስክሌት መሪ እጀታ ቅብ

የብስክሌት መሪ እጀታ ቅብ በመሪው ላይ የተጠቀለለን ጨርቅ ወይም ቆዳ ከዝናብ፣ ከላብና ከአቧራ የሚከላከል ስስ ሽፋን ነው። ዓይነቱ የሚመረጠው በእጀታው ሥሪት ነው። የጎማ እጀታ ቅብ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ዘይትና ቤንዚን ስለሚያበላሹት በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል። ቆዳ ሰም ይቀባል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የጥጥ ጥብጣብ ነው። ጥጥ ውሃ ይመጣል፤ ስለዚህ እንደ ሆሳዕናና ዱራሜ ባሉ ክረምታቸው ዝናባማ በሆነ ከተሞች ሳይቀቡ መተው አይመከርም። የቆየው ቅብ ሸላክ ነው። ሸላክ በተለይ በሕንድና በታይላንድ ከሚገኝ ጥቃቅን ነፍሳት ሙጫ ይሠራል፣ የሚሟሟውም በአልኮል ነው። ጥብጣቡ ተወጥሮ ከተጠቀለለ በኋላ ሸላኩ በብሩሽ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ሲደርቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ይደገማል። ቅቡ ሲደራረብ የጥብጣቡ ቀለም ይጠቁራል፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ እጀታው ይደድርና ያንሸራትታል። አልኮሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሥራው ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይከናወናል።

የሸላክ ድክመት ራሱ አልኮል ነው፤ የእጅ ሳኒታይዘር እንኳ ያለሰልሰዋል። በዚያው ጠባዩ ግን የተላጠ ቦታ ሳይፋቅ አዲስ ቅብ ይቀበላል።