ሬቲ ካፓብላንካን የረታበት ጨዋታ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በሀቫና ከተማ ኢማኑኤል ላስከርን ድል ነስቶ የዓለምን የቼዝ ዘውድ የጫነው ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ፣ ከ1916 ጀምሮ በውድድር ገበታ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ስምንት ዓመት ስለ ኖረ፣ ወዳጁም ባላንጣውም «የቼዝ መኪና» ይሉት ነበር። ይህ ዝና በኒው ዮርክ፣ በአላማክ ሆቴል፣ 11 ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ በገጠሙበት ጉባኤ፣ በማርች 22 ቀን 1924 ተሰበረ።

ድል አድራጊው ሪቻርድ ሬቲ ነበር። የቀድሞ መምህራን የገበታውን መካከል አስቀድሞ በወታደሮች መያዝ እንደ ቀኖና የማይጣስ ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ እርሱና የዘመኑ ጓደኞቹ ግን መካከሉን ለጊዜው ትቶ ከዳር ሆኖ መግዛት ይቻላል ባዮች ነበሩ።

ስለዚህ ነጭ የያዘው ሬቲ በመጀመሪያ የንጉሡን ወገን ፈረስ አወጣ፤ ቀጥሎም በንግሥቲቱ ወገን ያሉትን ሁለት ወታደሮች ገፍቶ፣ ሁለቱን ጳጳሳት በግራና በቀኝ ዳር አስቀምጦ በሰያፍ ወደ መካከሉ እንዲመለከቱ አደረገ። እስከ 15ኛው እርምጃ ድረስ ከመካከለኞቹ ወታደሮቹ አንዱም ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም፤ ፈሪ ነው ብሎ የሚስቅበት ተመልካች ቢኖር አይፈረድበትም። በ16ኛው ግን የተቆጠበው ወታደር ሁለተኛ እርምጃውን ሄዶ መካከሉን ከፈተ።

እዚህ ላይ፣ በእኔ ግምት፣ ሻምፒዮኑን የጣለው አከፋፈቱ ብቻ አልነበረም። ካፓብላንካ በ20ኛው እርምጃ በንግሥቱ አንድ ወታደር በላ፤ ሬቲም ወዲያው የንጉሡን ጠባቂ ጳጳስ በራሱ ጳጳስ ለውጦ፣ በባዶው ሰያፍ ላይ ንግሥቱን አቁሞ «ኪሽ» አለ፤ ከዚያም የጥቁሩን መካከለኛ ወታደር በግንቡ ወሰደ። ወታደሩ ተመለሰ፤ የጥቁሩ ንጉሥ ከለላ ግን ላይመለስ ሄደ። በ31ኛው እርምጃ የነጩ ግንብ በጥቁሯ ንግሥት ላይ ሲነሣ፣ እርሷ ብትሸሽ ፈረሱ የሚጠፋ ስለ ሆነ ካፓብላንካ እጁን ሰጠ።

ጉባኤው ሲፈጸም የ55 ዓመቱ ላስከር ከ20 ጨዋታ 16 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ፣ ካፓብላንካ በ14 ተኩል ሁለተኛ ሆኑ፤ ሬቲ ግን በ10 ተኩል ነጥብ አምስተኛ ነበር።