ሁለተኛ ልብስ

አያቴ በሽታውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ያ የአዲስ አበባው» ነበር የሚለው። የመንዝ ሰው ነው፤ መሐል ሜዳ አካባቢ ተወልዶ ያደገ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ዘር ተዘርቶ የጎተራው እህል ሲመናመን፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ጎልማሶች ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ቀን መርካቶ ጆንያ ይሸከማል፤ ማታ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለአንድ ባና ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ያድራሉ። አንድ ክረምት ላይ ታመመ። ራሱን ፈለጠው፣ አንቀጠቀጠው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በሳምንቱ ተሻለው። ተነስቶ ሥራ ጀመረ። ከዚያ እንደገና ጣለው።

ልጅ ሆኜ ይህን ሲያወራ ብዙም አልሰማውም ነበር። የጅብና የውርጭ ወሬው ይሻለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ነገሩ ትዝ ያለኝ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዚያ ዓመት ሆላንድ፣ ስዊዘርላንድ፣ ጀርመንና ጣሊያን ውስጥ ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው በሊቢያ በኩል ባሕር የተሻገሩ ወጣቶች ሆስፒታል ገቡ፤ የተገኘባቸውም የአውሮፓ ሐኪም በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር አይቶት የማያውቀው በሽታ ነበር። ዜናውን ሳነብ የበሽታው ጠባይ ከአያቴ ወሬ ጋር አንድ ሆነብኝ። ሄዶ የሚመለስ ትኩሳት። በእኛ ቋንቋ ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል፦ ግርሻ።

ግርሻና ተስቦ ወንድማማቾች ናቸው፤ ድሮ ሐኪሙም ሕዝቡም አንዱን ከሌላው ያምታታ ነበር። ጀርሞቻቸው ይለያያሉ፣ ተሸካሚያቸው ግን አንድ ነው፦ የልብስ ቅማል። የግርሻን ጀርም ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 በርሊን ላይ በታማሚዎች ደም ውስጥ አየው፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀጭን ነገር ነው። ቅማሏ ስትነክስ አይደለም የምታስተላልፈው። ሰውየው ሲያክ ይጨፈልቃታል፣ ከውስጧ የወጣው ፈሳሽ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ካልታከመ ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 40 የሚሆነውን ሊገድል ይችላል። አንድ ሌላ ክፉ ጠባይም አለው፦ ቅማል በጣም የጋለ ገላ አትወድም። ታማሚው ሲያተኩሰው ትታው ትሄዳለች። ወዴት? አጠገቡ ወደተኛው።

ስለ ቅማል ሳነብ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ይህ ነው። የልብስ ቅማል የምትኖረው በሰው ገላ ላይ አይደለም። ቤቷ የልብሱ ስፌት ነው፤ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች፣ ወደ ገላ የምትመጣው ለምግብ ብቻ ነው። ልብሱ ወልቆ አንድ ሳምንት ያህል ሰው ካልለበሰው በረሃብ ታልቃለች። ስለዚህ ለመኖር የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ነው፦ ቀንም ሌሊትም ያንኑ ልብስ የሚለብስ ሰው።

ቱኒስ ላይ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል የተስቦን ምሥጢር የፈታው በዚሁ በኩል ነው። ተስቦ የያዘው ሰው መንገድ ላይ፣ ቤቱ፣ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሌሎችን ያስይዛል። በሩ ላይ ታጥቦ የሆስፒታል ልብስ ከለበሰ በኋላ ግን አጠገቡ የተኛ እንኳ አይያዝም። የሚያዙት ልብሱን የሚቀበሉትና የሚያጥቡት ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1909 በሙከራ ቅማል መሆኗን አሳየ፤ በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ ሲተረጎም፣ በእኔ አማርኛ፣ «ድሃው ሁለተኛ ልብስ ቢኖረው አይሞትም ነበር» ማለት ነው።

አሁን ወደ መንዝ ልመለስ።

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሷ አለፍ ብሎ ያለው ጓሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እዚያ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሰው የሚለብሰው በጉ የሚሰጠውን ነው፤ ጸጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባና ይሆናል። ባና ቀን ካባ ነው፣ ሌሊት ብርድ ልብስ። አንዱን ባና አባት ለልጅ ያወርሳል። እንግዲህ ለዚህ ሰው «ልብስህን ቀቅል» በለው። ሱፍ ሲቀቀል ምን እንደሚሆን የሞከረ ያውቀዋል፦ ይኮማተራል፣ ይጠጥራል፣ አባት የለበሰው ለሕፃን ይሆናል። ደግሞስ በምን ይቀቅለዋል? ደጋው እንጨት የለውም፤ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፣ ኩበቱም ለእንጀራው አይተርፍም። (ውሃ በዚያ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ለቅማል 60ውም ይበቃታል፤ ችግሩ ሙቀቱ አልነበረም።) ሳሙና ውድ ነው። አገሩ ሁሉ የሚያጥብበት እንዶድ እንኳ የሚመቸው ከውርጩ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። መርሐቤቴዎች በዚህ ይታደላሉ፤ በምትኩ የጀማ ሸለቆ ወባ አለባቸው።

አያቴ እንደሚለው እናቱ ባናውን በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ካብ ላይ ታሰጣው ነበር። ጠዋት በበረዶ ተነጥፎ ይገኛል። ሲመቻት ደግሞ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስፌት ስፌቱን ትለቅማለች። ሰው ከቅማል ጋር መኖርን የሚወድ ይመስላቸዋል አንዳንዶች። አይወድም። ባለው ነገር ነበር የሚታገለው።

አዲስ አበባ ሲገባ ግን ያም ትግል ይቀራል። ፀሐይ የለም፤ ክረምት ነው። ዝናቡ በረንዳ አዳሪውንም፣ ደጀ ሰላም የሚያድረውንም፣ ከገጠር የመጣውንም ሸካሚ ጣሪያ ወዳለበት ያጉራል። አስራ ምናምን ሰው በአንድ መደብ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባን ሆስፒታሎች ግርሻ የሚያጥለቀልቃቸው በዝናቡ ወራት ነበር። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ወንዶች፣ ወጣቶች፣ ሥራ ፍለጋ የመጡ ድሆች። ብራይስሰን፣ ፓሪ፣ ፔሪንና ባልደረቦቻቸው የተባሉ ሐኪሞች 62 ታማሚዎችን ቀንና ሌሊት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ግርሻ የሚጽፍ ሁሉ የሚጠቅሰው ሆኗል። የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያለው የግርሻ እውቀት አንድ ትልቅ ክፍል ከአዲስ አበባ የቀን ሠራተኛ ገላ የተቀዳ ነው። ስማቸው ግን የለም፤ ቁጥር ናቸው።

እነዚያ ሐኪሞች ካጠኑት ውስጥ አንዱ ከራሴ አልወጣ ብሏል። የግርሻ መድኃኒት ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ቴትራሳይክሊን ይበቃል። መድኃኒቱ ጀርሙን በብዛት ሲገድለው ግን፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ታማሚው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከነበረውም በላይ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንዱ በዚያው ይሞታል። እስቲ በቤተሰቡ ዓይን እዩት፦ ወንድምህ በእግሩ ሆስፒታል ገባ፣ ተወጋ፣ በሁለት ሰዓት ሞተ። እኛ አገር «መርፌ የማይወድ በሽታ» የሚባል ነገር አለ፤ የተማረ ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔ አሁን አልስቅም። አባባሉ ሁሉ ከግርሻ መጣ ማለቴ አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለ ሞት በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ እሱንም ልናገር። የሕዝብ ጤና አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወጣ፣ የጤና ሚኒስቴር በዓመቱ ተቋቋመ። በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ሐሳብ ለዘመኑ ደፋር ነበር፦ ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንላክ። ሳኒተሪያኑ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ምንጭ ያስከድናል፣ ሽንት ቤት ያስተምራል። ስለ ቅማል ያለው ምክር ግን ያው ነው፦ ታጠብ፣ ቀቅል፣ ቀይር። መታጠቡ እሺ፣ አዲስ አበባ ፍልውሃ አለ። መቀየሩስ? በምን?

ዲዲቲም መጣ። ኔፕልስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ የተነሳውን ተስቦ ሰዉን ከነልብሱ ዱቄት እየነፉ ካቆሙት ወዲህ ስሙ ዓለምን ዞረ፤ እኛ አገርም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያወቀው የኬሚካል ስም ሆነ። ይሁንና ብዙም ሳይቆይ፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ ዲዲቲ የማይገድላት ቅማል ተገኘች።

ከተማችን ስለ ወረርሽኝ ያላት ትዝታ ራሱ የሚገርም ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲያጭድ የቀረልን ትዝታ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ነው። እወደዋለሁ ጭሱን፣ ልጅነቴ ነው። ግን ከዚያ የተማርነው በሽታ ማለት የግቢ ጉድፍ ነው ብሎ ማሰብን ነው፤ ጉድፍ ያለበት ደግሞ ጥፋተኛ። ግርሻ ግቢ ውስጥ አይኖርም። ግቢህን ወለል አድርገህ ጠርገህ፣ ያለህን አንዲት ድሪቶ ለብሰህ ልትሞት ትችላለህ። «ቅማላም» የሚለው ስድብ አሁንም አፋችን ላይ አለ፤ የምንሳደበው በልብስ ቁጥር መሆኑን አናስተውልም እንጂ።

ታዲያ ምን ቀነሰው? መድኃኒቱም ትምህርቱም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ለሰልባጅ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ። ፈረንጅ ለብሶ የጣለው ኮትና ሸሚዝ በቦንዳ ታስሮ ገበያ ሲወርድ፣ የቀን ሠራተኛ በሕይወቱ መጀመሪያ ጊዜ የሚቀይረው ልብስ አገኘ። ደብረ ብርሃን ላይም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ። ይህን የሚለካ ጥናት በእጄ የለም፤ የእኔ ግምት ነው። ግን በሽታው ሲመለስ የተመለሰበትን ቦታ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ፣ በላያቸው ካለው የደንብ ልብስ በቀር የሌላቸው ወታደሮች በታጎሩበት ግርሻ ተነሳ። በ2015ም ሊቢያ ውስጥ መጋዘን ተቆልፎባቸው ወራት በከረሙ ልጆች ላይ። ሁለቱም ቦታ የሚቀየር ልብስ አልነበረም።

አያቴ እንዴት እንደዳነ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ዓይኑ ከደከመ በኋላ። ክፍሉን የምታከራያቸው ሴትዮ ነች አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ገባች፣ ልብሱን አስወለቀችው፣ የሞተ ባሏን ሸሚዝና ሱሪ ሰጠችው። የእሱን ጓሮ ወስዳ በላምባ አቃጠለችው። ባናውንም ጭምር።

«አባቴ ያወረሰኝ ባና ነበርኮ» አለ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ አሁንም እንደተቀየማት ነው።