የአንድ ቅጂ አደጋ

መዝገብ ከጥፋት የሚድነው በሚገባ ስለ ተቈለፈበት ብቻ አይደለም፤ ቅጂው በሌላ ስፍራ ስለ ተቀመጠም ነው። በባሌ የሼክ ሁሴን ታሪክና ተአምራት በምእመናን ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ፣ «ረቢዕ አል-ቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ በ1927 እ.ኤ.አ. በካይሮ ታተመ። ስለዚህ አንድ የእጅ ጽሑፍ በእሳት ወይም በምስጥ ቢጠፋ ታሪኩ አብሮት አይጠፋም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ።

ዛሬ የመሥሪያ ቤት ሰነድ በኮምፒዩተር ስለሚያዝ፣ የደመና ማከማቻ የሚባለውም ሰነዱን በሩቅ ስፍራ በማኖር ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ዳሩ ግን ቅጂው ተመልሶ መነበቡ በየጊዜው ካልተፈተነ፣ መኖሩ ብቻ አያድንም። የሕዝብን መዝገብ በአደራ የተረከበ ሠራተኛ እንግዲህ ይህን ፈተና ከጥፋቱ ቀን አስቀድሞ ሊፈጽመው ይገባዋል።